በ2,350 ሜትር ከፍታ የምትበር የምርምር አውሮፕላን፦ አነሳሷ አስቸገረን፣ ከሎጉ የሚወጣው ቁጥርም አይገጥምም

ደጋ_ክንፍ (ጠያቂ)

ሰላም የቤቱ ሰዎች። የዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራ ነው፤ ቡድናችን አራት ሰው ነው። ትንሽ ቋሚ ክንፍ ያላት ሰው አልባ አውሮፕላን አብርረን ከበረራ ሎጉ (ኦቶፓይለቱ ከሚመዘግበው ዳታ) ኤሮዳይናሚክ ኮኤፊሸንቶቿን፣ ማለትም አየሩ ለእንቅስቃሴዋ የሚሰጠውን ምላሽ የሚገልጹትን ቁጥሮች፣ ማውጣት እንፈልጋለን። የኢንሳም የሲቪል አቪዬሽንም ጉዳይ አልቋል፣ ሜዳውም ተፈቅዷል፤ ጥያቄያችን ስለ ወረቀት አይደለም።

አውሮፕላኗ 2.4 ኪሎ ትመዝናለች። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.8 ሜትር፣ ስፋቱ 0.42 ካሬ ሜትር። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ይገፋል፤ ፕሮፔለሩ 11 በ5.5፣ ኢኤስሲው (የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠረው ሰርኪት) 40 አምፒር፣ ባትሪው ባለ 4 ሴል 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ሊፖ ነው። ኦቶፓይለቱ ፒክስሆክ (ቦርዱ) በአርዱፓይለት (ሶፍትዌሩ)፣ የአየር ፍጥነት ሴንሰሩ ኤምኤስ 4525። ዲዛይኑ የተሰላው በባሕር ወለል አየር ነው። ሜዳው 2,350 ሜትር ላይ ነው፤ ረፋድ ላይ ስንለካ ግፊቱ 770 ሄክቶ ፓስካል፣ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ነበር።

ችግሮቹ፦ በእጅ ስንወረውራት ከአምስቱ ሦስቱን ጊዜ ሆዷን መሬት ትመታለች። ስታርፍ ካሰብነው ቦታ አልፋ ትሄዳለች። ከሁሉ የባሰው ግን ሎጉ ነው። በኤክስኤፍኤልአር 5 (የክንፍ ማስሊያ ሶፍትዌር) የሠራነው ስሌት የሊፍት ስሎፕ (አንግል ኦፍ አታክ፣ ማለትም ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን፣ ሲጨምር የሊፍት ኮኤፊሸንቱ የሚጨምርበት ልክ) በራዲያን 4.7 ሲል ከበረራ የምናወጣው 3.5 ነው። የፒች ዳምፒንጉ (የአፍንጫዋን ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዝ የሚያበርደው ኮኤፊሸንት) ደግሞ አንድ በረራ ላይ ኔጋቲቭ፣ በሌላው ፖዘቲቭ እየሆነ ይወጣል። ደብሌቱን (ኤሌቬተሩን፣ ማለትም የጭራውን አግድም መሪ፣ አንዴ ወደ አንዱ፣ ወዲያው ወደ ሌላው አቅጣጫ መምታት) የምንሰጠው በስቲክ፣ ሞዱ ኤፍቢደብሊውኤ (ኦቶፓይለቱ ፓይለቱን የሚያግዝበት) ላይ ሆኖ ነው። ከየት እንጀምር?

---

ባለ_ላስቲኩ

ከአነሳሷ ልጀምር፤ አውሮፕላን ከተሰበረ ሎግ የሚባል ነገር የለም።

በሰጣችሁት ግፊትና ሙቀት የአየሩ እፍግታ በሜትር ኩብ 0.91 ኪሎ ነው። የባሕር ወለሉ መደበኛ 1.225 ነው። አየሩ በሩብ ያህል ሳስቷል ማለት ነው፤ ሜዳው 2,350 ሜትር ይሁን እንጂ ክንፉ የሚያውቀው 3,000 ሜትር ነው። ከፍተኛው የሊፍት ኮኤፊሸንት 1.2 ነው ብለን ብናሰላ፣ በባሕር ወለል 8.7 ሜትር በሰከንድ ላይ ስቶል የምታደርገው (ክንፏ መሸከም የሚያቅተው) አውሮፕላን እናንተ ዘንድ 10.1 ላይ ታደርጋለች። 2.4 ኪሎ ነገር ሮጦ ወርውሮ 8 ሜትር በሰከንድ የሚያደርስ ሰው ጉልበተኛ ነው። ስለዚህ ሆዷን ብትመታ ጥፋቱ የወርዋሪው አይደለም፣ ሒሳቡ ራሱ አይፈቅድም። ሁለቱ የተሳኩት ምናልባት የፊት ንፋስ ያገኙት ናቸው።

12 ሜትር በሰከንድ ይዛ እንድትወጣ 173 ጁል ያስፈልጋታል። ይህን የሚሰጥ ላስቲክ ከሱቅ መግዛት አይጠበቅባችሁም። የመኪና ካላማዳሪ ወደ ረጅም ጥብጣብ ቆርጣችሁ 8 ሜትር አድርጉት፤ በጫፉ 10 ሜትር የማይለጠጥ ገመድ ይቀጠልበት። አሁን ተንጠልጣይ ሚዛን አምጡ፣ ያ የቡና ነጋዴ የሚይዘው ዓይነት ይበቃል። ላስቲኩን በሌላ 8 ሜትር ስትስቡት ሚዛኑ ከ6 እስከ 6.5 ኪሎ ማንበብ አለበት። ካነሰ ጥብጣብ ጨምሩ፣ ከበዛ ቀንሱ። በዚህ ጉተታ ላስቲኩ ውስጥ ወደ 250 ጁል ይቀመጣል። ላስቲክ የበላውን ሁሉ አይመልስም፣ ሰባ ከመቶውን ከመለሰ ያሰባችሁትን አገኛችሁ። አውሮፕላኗ መጀመሪያ ላይ የሚደርስባት ፍጥንጥነት 2.6 ጂ ገደማ ስለሆነ ባትሪው በቬልክሮ ብቻ ከተያዘ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ሲጂውን (የክብደት ማዕከሉን) ይዞት ይሄዳል። ከኋላው ጠንካራ መደገፊያ አድርጉለት።

መንጠቆው ሆዷ ላይ፣ ከሲጂው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሁን። ወደ ኋላ ከቀረበ አፍንጫዋን ሽቅብ ወርውራ ስቶል ታደርጋለች። ካስማው የማዕዘን ብረት ሆኖ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ይቀበር፣ ከላስቲኩ አቅጣጫ በተቃራኒ ዘንበል ይበል። ካስማው ተነቅሎ ቢመጣ የሚመጣው ወደ ያዡ ሰው ነው፤ ይህን አትናቁት።

የእናንተ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ፕሮፔለሩ ገመዱ ሳይወጣ ከተነሳ ገመዱን ይቆርጠዋል፣ ወይ ራሱ ይሰበራል። በዚህ ላስቲክ ገመዱ እስኪለቃት ወደ 0.9 ሰከንድ ይፈጃል። አርዱፓይለት ውስጥ ለማስነሻ ስሮትል ሁለት ፓራሜትር አለ፦ ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ዝቅተኛ ፍጥንጥነት (15 ሜትር በሰከንድ ካሬ አድርጉት) እና መዘግየቱ። የመዘግየቱ ቁጥር የሚቆጠረው በሰከንድ አሥረኛ ነው። 1 ሰከንድ ለማለት 10 ትጽፋላችሁ። 1 ከጻፋችሁ ሞተሩ በ0.1 ሰከንድ ይነሳና የተቆረጠ ገመድ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። መጀመሪያ ፕሮፔለሩን አውልቃችሁ፣ በእጅ ወደ ፊት ነጠቅ አድርጋችሁ ሞተሩ በስንት ጊዜ እንደሚነሳ በጆሯችሁ አረጋግጡ።

አስተራረፏ ላይ ደግሞ፦ ጠቋሚ ፍጥነቷ (ሴንሰሩ አየሩን እንደ ባሕር ወለል ቆጥሮ የሚያነበው) ያው ሆኖ እውነተኛ ፍጥነቷ (በአየሩ ውስጥ በርግጥ የምትሄድበት) በ16 ከመቶ ይበልጣል፣ መሬት ስትነካ የምትይዘው ጉልበት በ35 ከመቶ ይበልጣል። በጠቋሚ 15 ሜትር በሰከንድ፣ በ35 ዲግሪ ብታጋድሉ የመዞሪያዋ ራዲየስ በባሕር ወለል 33 ሜትር ሲሆን እናንተ ዘንድ 44 ነው። ሜዳው ላይ የምትዞሩበትን ቦታ በዚህ አስፉት። አደጋው ግን የራዲየሱ አይደለም፣ የዓይን ነው። ፓይለቱ ከመሬት ሲያያት «ፈጠነች» ብሎ ስሮትል ይቀንሳል፣ አፍንጫዋን ያነሳል፣ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ክንፏ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ከቴሌሜትሪው ጠቋሚ ፍጥነቱን እያነበበ ይጥራ፤ ፓይለቱ ዓይኑን ሳይሆን ጥሪውን ይመን።

---

ሎግ_አንባቢ

ወደ 3.5 እና 4.7 ልምጣ። 1.225ን ለ0.91 አካፍሉት፤ 1.35 ነው። 3.5ን በ1.35 አባዙት፤ 4.7 ነው።

እንዲህ ያለ መገጣጠም በአጋጣሚ አይመጣም። ኮዳችሁ ውስጥ የዳይናሚክ ግፊቱ (የእፍግታው ግማሽ በፍጥነት ካሬ ሲባዛ) ቀመር ላይ 1.225 ተጽፎ ቀርቷል፣ የምታስገቡት ፍጥነት ግን እውነተኛው ነው። ሁለቱን መቀላቀል አይቻልም። እውነተኛ ፍጥነት ካስገባችሁ የሜዳውን እፍግታ ውሰዱ፤ 1.225 ከወሰዳችሁ ጠቋሚውን አስገቡ።

ሁለተኛውን መንገድ መርጣችሁ «ተገላገልን» እንዳትሉ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የዳምፒንግ ኮኤፊሸንቶች የሚሰሉት የመዞር ፍጥነቱን በኮርድ (በክንፉ ከፊት እስከ ኋላ ስፋት) አባዝቶ ለሁለት እጥፍ ፍጥነት በማካፈል ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ፍጥነት ምንጊዜም እውነተኛው ነው፣ ምክንያቱም ጭራው ላይ የሚጨመረው የአንግል ኦፍ አታክ ልክ የሚመጣው ከእውነተኛ ፍጥነቶች ጥምርታ ነው። ጠቋሚውን ካስገባችሁ የሊፍት ስሎፑ ልክ ሆኖ ዳምፒንጉ በ14 ከመቶ ገደማ ይሳሳታል፣ ማንም አያይበትም።

የእፍግታው ሙቀት ከየት እንደሚመጣም ተጠንቀቁ። ፒክስሆኩ ላይ ያለው ባሮሜትር የሚያነበው የሳጥኑን ሙቀት ነው፤ ቦርዱ ሲሞቅ 45 ዲግሪ ሊል ይችላል። በዚያ ሙቀት ብታሰሉ 0.84 ይወጣላችኋል፣ 7 ከመቶ ስህተት በነፃ። ተራ ቴርሞሜትር ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉና በየበረራው መነሻና መድረሻ ላይ ጻፉ። ማለዳ በ12 ዲግሪ 0.94 የነበረው ረፋድ በ22 ዲግሪ 0.91 ይሆናል። በአንድ ቀን ውስጥ 3 ከመቶ ማለት ነው።

ቀጥሎ ፒቶቱ፣ የአየር ፍጥነት ሴንሰሩ ቱቦ። የምታውቁትን 15 ሜትር በሰከንድ ሴንሰሩ የሚያየው እንደ 138 ፓስካል ነው፤ በውኃ ዓምድ 14 ሚሊ ሜትር። ይህች ትንሽ ነገር ናት። ስለዚህ ሴንሰሩን በውኃ ፈትሹት። ግልጽ የግሉኮስ ቱቦ ውሰዱ፣ እንደ ዩ ፊደል አጥፋችሁ ሰሌዳ ላይ ከሚሊ ሜትር ወረቀት ጋር ለጥፉ፣ ቀለም ጠብ የተደረገበት ውኃ ሙሉበት፤ የሳሙና ጠብታ ከጨመራችሁ ውኃው ግድግዳው ላይ አይጣበቅም። በቲ መጋጠሚያ አንዱን ጫፍ ለስሪንጅ፣ አንዱን ለፒቶቱ የፊት ቀዳዳ ስጡ። ስሪንጁን በቀስታ ገፍታችሁ የሁለቱ ዓምዶች ልዩነት 50 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ሴንሰሩ 490 ፓስካል ገደማ ማለት አለበት። እዚያው አንድ ደቂቃ ያዙት። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከወረደ ቱቦው ያፈሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኮኑ ከሴንሰሩ አፍንጫ ጋር በሚገናኝበት ላይ ነው።

ዜሮ ስታደርጉት ፒቶቱን ሸፍኑት፣ ግን ቀዳዳውን በጣት አትድፈኑ፤ ላላ ያለ የጨርቅ ኮፍያ ይበቃል። በ3 ሜትር በሰከንድ ንፋስ ፊት ሳትሸፍኑ ዜሮ ካደረጋችሁ 4.1 ፓስካል ተቀንሶ ይቀራል፣ እውነተኛው ጠቋሚ 10 ሲሆን 9.7 ያነብባል። ኤሌክትሪክ ከሰጣችሁት በኋላም ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ ሴንሰር ዜሮው ይንሸራተታል።

ከዚያ በአየር ላይ። የመጀመሪያዎቹን በረራዎች ኦቶፓይለቱ የአየር ፍጥነቱን ሎግ ያድርግ እንጂ አይጠቀምበት። ሬሾ የሚባለው ፓራሜትር (የሴንሰሩን ግፊት ወደ ፍጥነት የሚለውጠው ቁጥር) ነባሪው ወደ 2 ነው፤ ራስ ሰር ካሊብሬሽኑን ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ሎይተር (በክብ እየዞሩ መቆየት) አድርጉ፣ ከወረደች በኋላ ዝጉት። ክፍት ከተዋችሁት በየበረራው ቁጥሩ ይቀያየርና የጥር ሎግ ከየካቲት ሎግ ጋር አይወዳደርም። የወጣው ሬሾ ከ1.5 እስከ 3 ካልሆነ ቱቦው ተገላብጧል ወይ ፒቶቱ የክንፉ አየር ውስጥ ገብቷል።

ማረጋገጫውን በእጅ አድርጉት፦ ስሮትልና ከፍታ ሳይቀየር ወደ ንፋሱ አንድ ቀጥታ፣ ከንፋሱ ጋር አንድ ቀጥታ፣ እያንዳንዱ ቢያንስ 20 ሰከንድ። ጂፒኤሱ ሲሄድ 13.1፣ ሲመለስ 21.3 ካለ እውነተኛው አማካይ 17.2 ነው፣ ንፋሱም 4.1። 17.2ን ለ1.16 ስታካፍሉት 14.8። ፒቶቱ ይህን ካላለ ፒቶቱን አትመኑ። ሦስት አራቴ ድገሙት፤ አንዱ ብቻውን ንፋስ የተቀየረበት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ውድ አውሮፕላን አይጠይቅም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የዩኤቪ ላብራቶሪ ለዓመታት የሠራው ኡልትራ ስቲክ 25ኢ በምትባል ክንፏ 1.27 ሜትር በሆነች የሆቢ አውሮፕላን ነው።

---

ሞተር_ሠሪ

አንድ የቀረ ነገር አለ። በተመሳሳይ ዙር ፕሮፔለሩ የሚሰጠው ግፊት ከእፍግታው ጋር አብሮ በ26 ከመቶ ይወርዳል። ሞተር ቀይሩ፣ ኬቪው (በአንድ ቮልት የሚዞረው ዙር) ከፍ ያለ ግዙ።

---

ባለ_ላስቲኩ

ወንድሜ፣ በወረደው ልክ ሞተሩ የሚበላው ኃይልም ይወርዳልና ሞተሩ ገና አቅም አለው። ኬቪ ከመጨመር ፕሮፔለር ማሳደግ ይቀላል። ቅርጹ ተመሳሳይ ሆኖ ከ11 በ5.5 ወደ 12 በ6 ቢሄዱ በዚያው ዙር ግፊቱ የባሕር ወለሉን 5 ከመቶ ያልፋል፣ ኃይሉ ግን በ15 ከመቶ ይበልጣል። ሞተሩ ሸክሙ ሲበዛ ዙር ስለሚቀንስ በተግባር ከዚህ ያንሳል። ጥያቄው ኢኤስሲው ነው። የሳሳ አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው፤ 40 አምፒር የተጻፈበት ኢኤስሲ በተዘጋ ሆድ ውስጥ 40 አይችልም። ዋት ሜትር አስገብታችሁ ሙሉ ስሮትል ለ20 ሰከንድ ስጡ፤ ከ30 አምፒር በላይ ከወጣ ለኢኤስሲው የአየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳ ክፈቱለት። መውጫው ከመግቢያው ይስፋ።

---

ሞተር_ሠሪ

እሺ፣ ይሄ ይሻላል። 12 በ6ን ስትገጥሙ ከቡሙ (ጭራውን ከተሸከመው ዘንግ) እና ከሆዷ ጋር ያለውን ክፍተት ለኩ፤ በላስቲክ ስትነሳ ቡሙ ይታጠፋል።

---

ደጋ_ክንፍ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልን። ኮዱን ከፈትነው፣ 1.225 ቋሚ ሆኖ ተጽፎ አገኘነው። 0.91 ስናደርገው ሦስቱ በረራዎች 4.5፣ 4.7 እና 4.8 ሰጡ። የፒች ዳምፒንጉ ግን አሁንም ምልክቱ ይቀያየራል። ደብሌቱን ኤፍቢደብሊውኤ ላይ መስጠት ምን ችግር አለው? ማንዋል ላይ ፓይለታችን ይፈራል። በሎጉ የሚታየው ደብሌት ከወጣበት ስቲክ ጋር አይመሳሰልም።

---

ሎግ_አንባቢ

መልሱን ራሳችሁ ጻፋችሁት። ኤፍቢደብሊውኤ ላይ ስቲኩ የሚያዘው የፒች ማዕዘን እንጂ ኤሌቬተር አይደለም። አውሮፕላኗ መወዛወዝ ስትጀምር ኦቶፓይለቱ በፒች ሬቱ (አፍንጫዋ በምትነሳበትና በምትወርድበት ፍጥነት) ልክ ኤሌቬተሩን በተቃራኒ ያንቀሳቅሰዋል። ለሒሳቡ ኤሌቬተሩና ፒች ሬቱ አንድ ላይ የሚሄዱ ሁለት ዓምዶች ይሆኑበታል፣ ዳምፒንጉን ከኤሌቬተሩ ኃይል መለየት ያቅተዋል። ምልክት የሚቀያየረው ለዚህ ነው፤ ፊዚክሱ አልተቀየረም፣ ሬግሬሽኑ (ኮኤፊሸንቶቹን ከሎጉ የሚያወጣው ስሌት) ነው የተምታታው። የኮሪሌሽን ማትሪክሱን አውጡት፣ በኤሌቬተርና በፒች ሬት መካከል ከ0.9 በላይ ካያችሁ ያ በረራ ለዳምፒንግ አይሆንም።

መፍትሔው ደብሌቱን ለሰው እጅ አለመተው ነው። በሉዋ ስክሪፕት (በትንሽ ፕሮግራም) ኦቶፓይለቱ ውስጥ አስገቡት፦ ማብሪያው ሲነካ የኤሌቬተሩን የትሪም (የተረጋጋ በረራ) ቦታ ይይዛል፣ ደብሌቱን ይሰጣል፣ 2 ሰከንድ ያህል ነፃ ይለቃታል፣ ከዚያ ወደ ኤፍቢደብሊውኤ ይመልሳታል። ፓይለቱ ማብሪያውን ወይም ሞዱን በቀየረ ጊዜ ሁሉ ወዲያው መልቀቅ አለበት። ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆነች ሦስት ሰከንድ ያለ ረዳት መብረር የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ሲጂያችሁ ልክ ከሆነ ማለቴ ነው። ለመጀመሪያው ጊዜ የስታቲክ ማርጂኑን (ሲጂው ወደ ፊት በመሆኑ የሚገኘውን የመረጋጋት ትርፍ) ከ10 ከመቶ በላይ አድርጉት።

የደብሌቱ ርዝመት ወሳኝ ነው። ደብሌት ብዙውን ጉልበቱን የሚያፈስሰው 2.3ን ለአንዱ ግማሽ ርዝመት ስታካፍሉ በሚወጣው የራዲያን ድግግሞሽ ላይ ነው። የእናንተ ዓይነት አውሮፕላን ሾርት ፔሬድ (ፈጣኑ የፒች ውዝዋዜ) 8 ራዲያን በሰከንድ ገደማ ከሆነ እያንዳንዱ ግማሽ 0.29 ሰከንድ ይሁን። በእጅ የሚሰጥ ደብሌት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እጥፍ ይረዝማል፤ አውሮፕላኗ ተከትላ ትሄዳለች እንጂ አትወዛወዝም፣ ዳምፒንጉም ሎጉ ውስጥ አይኖርም። ድግግሞሹን በትክክል ካላወቃችሁ 3-2-1-1 (ርዝመታቸው በዚህ ጥምርታ የሆነ አራት ተከታታይ ተቃራኒ ምት) ይሻላል፣ ሰፊ ስለሚሸፍን። መጠኑ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ኤሌቬተር። ከፊቱ 5 ሰከንድ ጸጥ ያለ ትሪም፣ ስሮትል ሳይነካ። አንዱን ማኑቨር ቢያንስ ስድስቴ ድገሙ፤ አራቱን ለስሌት፣ ሁለቱን ለማረጋገጫ አስቀምጡ። ማረጋገጫዎቹን ከስሌቱ በፊት ለዩ፣ ያማሩትን መርጦ «ማረጋገጫ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሎጉ ውስጥ ያለው የሰርቮ ቁጥር ትዕዛዝ ነው፣ የኤሌቬተሩ ማዕዘን አይደለም። ከ1,100 እስከ 1,900 ማይክሮ ሰከንድ በየ100 እያቆማችሁ ማዕዘኑን በዲጂታል ማዕዘን መለኪያ ጻፉ፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ሁለቱ መስመሮች ካልተገጣጠሙ ክፍተቱ የሊንኩ መላላት ነው። ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ሜካኒካሉን ጠግኑ። በተጨማሪም መዘግየት አለ፦ ትዕዛዙ በ50 ኸርትዝ ሲወጣ እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ፣ ሰርቮው ራሱ ደርሶ እስኪቆም ሌላ፣ የጃይሮው 20 ኸርትዝ ፊልተር ወደ 11 ሚሊ ሰከንድ። መዘግየቱን ዜሮ ነው ካላችሁ ሞዴሉ የጎደለውን ከዳምፒንጉ ላይ ይወስዳል። እንደ አንድ ያልታወቀ ቁጥር አብራችሁ አስሉት።

ሁለት ነገር ልጨምር። ፒክስሆኩ ከሲጂው 12 ሴንቲ ሜትር ፊት ከተቀመጠ፣ በ10 ራዲያን በሰከንድ ካሬ የፒች ፍጥንጥነት ላይ አክስለሮሜትሩ 1.2 ሜትር በሰከንድ ካሬ የሌለ ነገር ያነብባል። ርቀቱን ለክታችሁ በስሌት አውጡት። ሌላው ንዝረት፦ ሎጉ በ50 ኸርትዝ ሲሆን 9,060 ዙር በደቂቃ የሚዞር ያልተመጣጠነ ፕሮፔለር፣ ማለትም 151 ኸርትዝ፣ ሎጉ ላይ 1 ኸርትዝ መስሎ ይታያል። ለሾርት ፔሬዱ ጎረቤት ነው። ፊልተሩ አብዛኛውን ያጠፋዋል፣ ሁሉንም ግን አያጠፋም። ፕሮፔለሩን ማመዛዘን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከባዱን ቅጠል ከመፋቅ ቀላሉ ላይ ስኮች መለጠፍ ይሻላል።

የኢነርሽያ (መዞርን የመቋቋም ልክ) ቁጥራችሁንስ ከሶፍትዌር ነው የወሰዳችሁት? በሁለት ክር አንጠልጥላችሁ ለኩት። ለያው (ወደ ግራና ቀኝ መዞር) ኢነርሽያ ክሮቹ በ80 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው፣ 1.6 ሜትር ረዝመው፣ ሲጂው መሐል ላይ ሆኖ ቀስ ብላችሁ አዙራችሁ ልቀቋት። 20 ውዝዋዜ ቁጠሩ። 36.7 ሰከንድ ከፈጀ አንዱ 1.83 ነው፣ ኢነርሽያውም ወደ 0.20 ኪሎግራም ሜትር ካሬ። ባትሪውም ፕሮፔለሩም በቦታቸው ይሁኑ። በሮችና መስኮቶች ይዘጉ። ለፒች በጎኗ አንጠልጥላችሁ ትደግሙታላችሁ።

---

ማለዳ_በራሪ

ስለ ሰዓትና ስለ ሜዳ ያልተባለ ልጨምር።

ለመለኪያ በረራ ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ መሬቱ ይሞቅና አየሩ ይነሳል። መሣሪያ አያስፈልጋችሁም፤ ጭልፊትና አሞራ ክንፍ ሳያራግቡ መዞር ከጀመሩ ተርማሉ ተጀምሯል፣ የዚያን ቀን ደብሌት አብቅቷል። የቀረውን ባትሪ ለካሜራ ወይ ለማረፍ ልምምድ አውሉት። ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ይመረጣል።

ኮምፓሱ። የማግኔት ወገብ በእኛ አገር ላይ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ የመሬት ማግኔት መስክ ከሞላ ጎደል አግድም ነው፣ ጥንካሬውም ወደ 36 ማይክሮ ቴስላ። ከብዙ አገር የደከመ ነው። 30 አምፒር የሚሄድበት ነጠላ ሽቦ ከኮምፓሱ በ5 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ 120 ማይክሮ ቴስላ ይፈጥራል። ከመሬቱ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አጣምሩ፣ ኮምፓሱን ወደ ክንፉ ጫፍ ወይ ወደ ጭራው አርቁ። ከዚያ አውሮፕላኗን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ስሮትሉን ከዜሮ ወደ ሙሉ አምጡ፤ ሄዲንጉ ከ5 ዲግሪ በላይ ከተንቀሳቀሰ ሥራው አላለቀም። ጂፒኤስም እንዲሁ፦ ወገቡ አካባቢ አዮኖስፌሩ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይረበሻል፤ አርቲኬ (እስከ ሴንቲ ሜትር የሚያጠራ ጂፒኤስ) የምትጠቀሙ ከሆነ ምሽት ላይ ፊክሱ ቢጠፋባችሁ አንቴናውን አትውቀሱ።

ፌይልሴፍ (የሪሞቱ ሲግናል ሲጠፋ ኦቶፓይለቱ የሚወስደው እርምጃ)፦ ፕሮፔለሩን አውልቃችሁ ሪሞቱን አጥፉት። በነባሪው 1.5 ሰከንድ ላይ አጭሩ፣ 5 ሰከንድ ላይ ረጅሙ መነሳት አለበት። ስሮትሉ ባለበት ከቀረ ሪሲቨሩ ራሱ የመጨረሻውን ትዕዛዝ እየደገመ ነው፤ ሪሲቨሩ ሲግናል ሲጠፋ ምንም እንዳይልክ አስተካክሉት። ወደ ቤት መመለሻ ከፍታው በነባሪ 100 ሜትር ነው፣ የሚለካውም ከተነሳችበት ቦታ። ከሜዳችሁ ጎን 150 ሜትር የሚነሳ ኮረብታ ካለ 100 ሜትር ማለት ኮረብታው ሆድ ውስጥ ነው።

ባትሪ፦ 74 ዋት ሰዓት አላችሁ፣ ሰማንያ ከመቶውን ብቻ ቁጠሩ። በቀጥታ በረራ 110 ዋት ከበላች 32 ደቂቃ ነው፣ ደብሌትና መውጣት ሲጨመር 22 ብላችሁ ያዙ። ማለዳ ቀዝቃዛ ሊፖ በመነሻው ላይ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ እስኪነሱ ድረስ ጃኬት ውስጥ ያዙት። የአሸዋ ባልዲ ከቻርጀሩ ጎን ይኑር።

ዕድሉ ካላችሁ ያንኑ ፈተና አዋሽ አካባቢ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ድገሙት። እፍግታው ሌላ ሆኖ ኮኤፊሸንቶቹ ያው መውጣት አለባቸው። 4.7 እዚያም 4.7 ካለ ኮዳችሁ ድኗል፤ ካልሆነ ሌላ 1.225 የሆነ ቦታ ተደብቋል።

---

ደጋ_ክንፍ (ጠያቂ)

ሁለተኛዋን 1.225 አሁን አገኘናት። አንግል ኦፍ አታኩን ከትሪም ሊፍት መልሶ በሚገምተው ፋይል ውስጥ ነበረች። ካላማዳሪ ፍለጋ ወጥተናል።